አባያን ሰማያዊ አድርጊልን

እኔ ሰው የማየው ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነው። ንቀት እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬ ነው። ሲቀላ ገበያ መሃል ቆሜ፣ አንገቴን ዘንበል፣ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ የሙዝ ክምር ስመለከት ያየኝ ሰው "ይቺ ልጅ ምን ነካት?" ቢል አልፈርድበትም። አንድ ባለ ባጃጅ እንዲያውም ጠቀሰችኝ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ በሄድኩበት ሲከተለኝ ከረመ። እኔ እኮ እሱን አላየሁትም። ያየሁት ባጃጁን ነው። የባጃጁ ሰማያዊ ከኋላው ካለው የቀይ ሽንኩርት ክምር ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም እያልኩ ነበር። ይህን ብነግረው የባሰ እንደሚቀየመኝ ስለገባኝ መንገዴን ቀጠልኩ።

ምን መሰላችሁ፣ እኔ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል የምስል ሰው ነኝ። ዓይናችሁን ጨፈን ስታደርጉ ዝርዝሩ ሁሉ ይጠፋል። አዝራር የለ፣ ሽፋሽፍት የለ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የለ። የሚቀረው የቱ ጨለመ፣ የቱ ነጣ፣ የትኛው ቀለም የትኛውን ዋጠው የሚለው ብቻ ነው። ሞክሩት እስቲ፣ አሁን ባላችሁበት። ሰው ከታዘባችሁ በእኔ አሳብቡ።

እናቴ ግን ይህ ነገር አልገባትም። ዓይኔ የታመመ መስሏት የቤተ ክርስቲያኗን የጸሎት እናቶች ሰብስባ አመጣችብኝ። ስድስት እናቶች ዙሪያዬን ቆመው፣ እጃቸውን ጭነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለዓይኔ ጸለዩ። እኔም "አሜን" አልኩ፤ ምን ልበል? ጸሎቱ ሲያልቅ አንዷ "አሁንስ እንዴት ነው የኔ ልጅ?" ብላ ፊቴ ላይ ተደቀነች። ሻሿ ብርቱካናማ፣ ሹራቧ ሐምራዊ። ተጣልተዋል ወይስ ታርቀዋል ብዬ ሳላስበው ዓይኔን ጠበብ አደረግሁ። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰችና "ገና ነው፤ እንቀጥል" አለች።

የእናቴ ሐዘን ሌላም ምክንያት ነበረው። እዚሁ አርባ ምንጭ አምስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት የውሃ ምህንድስና ነው። ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። አሁን ግን ውሃ እየሳልኩ ነው የምኖረው። ሰው "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ሲላት "ውሃ ላይ ነው የምትሠራው" ትላለች። መዋሸት አትወድም። ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። ብዙ ሰው ሠዓሊ ማለት ብሩሹን ይዞ፣ መንፈስ ወርዶበት፣ ያሰኘውን ቀለም የሚለቀልቅ ሰው ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያው ነበርኩ። ያሉኝን ሃያ አራት ቀለሞች አንድ ገጽ ላይ ካልጨረስኳቸው የሰሰትኩ ይመስለኝ ነበር። ውጤቱስ? ዶሮ ስዬ ለጎረቤት አሳየሁ፤ የማን ሠርግ ድንኳን ነው ተባልኩ።

አሁን ሥርዓት አለኝ። መጀመሪያ ታሪኩን እርሳስ ሳልይዝ አነበዋለሁ። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ የመጽሐፉን ገጾች በሙሉ የክብሪት ቀፎ በሚያህሉ ሳጥኖች እደረድራቸዋለሁ። በእርሳስ ብቻ። ጨለማ፣ መካከለኛ፣ ብርሃን፤ በቃ። በእርሳስ ያላማረ ሥዕል በቀለም አምሮ አያውቅም፤ ይህን የተማርኩት ስንት ወረቀት አበላሽቼ ነው። ቀጥሎ ቀለም እመርጣለሁ። አምስት ብቻ። አንዱ ትልቁን ቦታ ይይዛል። ሦስቱ እሱን ያግዙታል። አምስተኛው ግን የታሪኩ ባለቤት ብቻ የሚለብሰው ነው። ሌላ ማንም አይነካውም። ዛፉ አይነካው፣ ቤቱ አይነካው፣ ወፉ አይነካው። ልጆች ገጹን ሲገልጡ ዓይናቸው በቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል።

ይህን የቀለም ምጣኔ ማን ያስተማረኝ ይመስላችኋል? ትምህርት ቤት እንዳትሉኝ። ያስተማረኝ ጋሽ ማዳልቾ ነው።

ጋሽ ማዳልቾ ከዶርዜ ወርዶ ከእኛ ግቢ አጥር ሥር የሚኖር ሸማኔ ነው። አንድ ቀን ቀለም አልስማማ ብሎኝ፣ ስነጫነጭ ሰምቶ ጠራኝ። ሸማኔ ቀለሙን ሳይወስን እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አያስገባም አለኝ። ጉድጓድ የሚለው ሸማኔዎች ሲሠሩ እግራቸውን የሚከቱባትን ነው። ከዚያ የካርቶን ቁራጭ አንስቶ የጥለት ክሮችን በየተራ ጠቀለለበት። ቀዩን ሰፋ፣ ቢጫውን ጠበብ፣ ጥቁሩን ቀጠን አድርጎ። ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደገፈና እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዓይኑን ጨፈን አደረገ! ዘመዴን አገኘሁ። ሮጬ ሄጄ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

"ክር ይሻልሃል" አለኝ። "ቀለም ትቀባለህ፣ ትሰርዛለህ፣ ትቀባለህ። ክር ግን እውነት ያወራል። ስንት ዙር እንደሆነ ትቆጥራለህ።"

ጋሽ ማዳልቾ አፉን የፈታው በዶርዜኛ ነው። ደስ ሲለው ሴትነቴን ይረሳና "አንተ" ይለኛል፤ እኔም እወድለታለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ካርቶን በክር እጠቀልላለሁ። የትኛው ቀለም ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በዙር ቆጥሬ። ካርቶኑ ካላማረኝ ብሩሽ አላነሳም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንግባ።

አዲስ አበባ ካለ አንድ አሳታሚ ድርጅት የልጆች ታሪክ ተላከልኝ። ሣራ የምትባል ልጅ የዘገየባትን ዓሣ አጥማጅ አባቷን ፍለጋ ብቻዋን በታንኳ አባያ ሐይቅ ላይ ትወጣለች። አዞ ያጋጥማታል፣ ጉማሬ ያጋጥማታል፣ ነፋስ ይነሳባታል፤ በመጨረሻ አባቷን ታገኘዋለች። ታሪኩን ሳነበው እንባ እንባ አለኝ። በዚያ ላይ ስሜ ሽፋኑ ላይ እንደሚወጣ ተነገረኝ። ሽፋኑ ላይ! እስካሁን ስሜ የሚወጣው ከመጨረሻው ገጽ ሥር፣ ከማተሚያ ቤቱ አድራሻ በታች፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ነበር። ለእናቴ አንድ ቀን "ይኸውልሽ" ብዬ የማሳያት ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ካርቶኔን ጠቀለልኩ። አባያን አይታችሁት ከሆነ ቀለሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ካላያችሁት ልንገራችሁ፤ ቡኒ ነው። ቀላ ያለ ቡኒ። ወንዞቹ ከየደጋው ቀዩን አፈር ይዘውለት ይመጣሉ፤ አፈሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አይዘቅጥም። ስለዚህ ትልቁ ቀለም ቡኒ ሆነ። አጋዦቹ የደንገል አረንጓዴ፣ የጠዋት ሰማይ ክሬም፣ የአዞው ጥቁር። አምስተኛው፣ የሣራ ቀሚስ፣ ሰማያዊ። ሠላሳ ዙር ቡኒ ላይ ሁለት ዙር ሰማያዊ። መስኮቱ ላይ አቆምኩት፤ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። ሁለቷ ሰማያዊ ክር "እዚህ ነኝ!" ብላ ተጣራች። ብቻዬን ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቴ ስንቴ አግኝቼ ይሆን?

ሦስት ገጽ ቀብቼ ፎቶውን ለአርታዒው ላክሁላቸው። አቶ ደምሰው ይባላሉ። ጨዋ ሰው ናቸው። ደውለው አሥር ደቂቃ አመሰገኑኝ። አሥር ደቂቃ ሙሉ የሚያመሰግን ሰው መጨረሻው ላይ የሆነ ነገር እንዳለው ስለማውቅ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

"አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ፣ መሠረት" አሉ። "ውሃው ቆሽሿል። ሰማያዊ አድርጊልን።"

አባያ እኮ ነው አልኳቸው። ገብቶኛል አሉ፤ ግን ልጆች ናቸው፣ ንጹሕ ውሃ ይዩ አሉ። አርባ ምንጭ የሚባል አገር ይዛችሁ እንዴት ውሃ ይደፈርሳል ብለው ቀለዱብኝ። እኔ ግን ለቀልድ የሚሆን ልብ አልነበረኝም። ሐይቁን ሰማያዊ ካደረግሁት ሰማያዊ የለበሰችው ልጅ ትሰጥማለች አልኳቸው። አራተኛው ገጽ ላይ ገብታ እስከ መጨረሻው አትወጣም። ለልጅቷ ሌላ ልብስ አይጠፋም አሉኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ አረንጓዴውም፣ ክሬሙም፣ ጥቁሩም ለቡኒው ተብለው የተመረጡ መሆናቸውን ለማን ታስረዳላችሁ? ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመምህራን ሥልጠና ወደ እናንተ እመጣለሁ፣ ያኔ ሰማያዊዎቹን ገጾች ታሳዪኛለሽ አሉ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ "ከከበደሽ እዚህም ሠዓሊ አለን፤ ምንም አትጨነቂ" ብለው ጨመሩ። መጨነቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ሞከርኩ። አልሞከረችም እንዳትሉኝ። ሐይቁን ሰማያዊ አድርጌ ሣራን ቢጫ አለበስኳት፤ ውሃ ላይ የወደቀች ማንጎ መሰለች። ቀይ አለበስኳት፤ ገጹ ሁሉ ጮኸብኝ። ነጭ አለበስኳት፤ ይብራ የሚባለውን የውሃ ወፍ መሰለች። አስቡት፣ አባቷን የምትፈልግ ልጅ ይብራ ስትመስል። በሦስተኛው ቀን ብሩሹን ወረወርኩና ልቤ እንዲጽናና ካርቶኔን ልየው ብዬ ተነሳሁ።

ካርቶኑ የለም።

አልጋ ሥር የለም። መደርደሪያ ላይ የለም። ያን ሰሞን ታናሽ እህቴ ታሪኳ ልታገባ ስለነበር ቤታችን ውስጥ አንድም ነገር ቦታው ላይ አልነበረም። ማንኪያ የሚገኘው የጫማ ሳጥን ውስጥ ነው። እናቴን ካርቶን አላየሽም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አቅፋ ግንባሬን ሳመችኝና "እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ እኔ እኮ የረሳሽው መስሎኝ ነበር" አለች። ምኑን ነው የምረሳው? ለመጠየቅ አፌን ስከፍት አክስቶቼ ሽንኩርት ይዘው ገቡ።

ሠርጉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው አዲስ ክር ልለምን ወደ ጋሽ ማዳልቾ ሄድኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ይወረውራል። ከራሱ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ የኔ ካርቶን ተሰቅሏል። ምንጣፉ ላይ አራት ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል። ጥለቱ ቡኒ፣ ክሬም፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የሠርጉ ነዋ! እናትህ አመጣች። መሠረት ለእህቷ መረጠች አለችኝ።"

ጉድ ፈላ። ለካ እናቴ ለሠርጉ ጥለት ምረጪልን ብላ ወር ሙሉ ስትለምነኝ፣ እኔ ደግሞ "እሺ ነገ" ስላት ከርሜ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ክር የተጠቀለለበት ካርቶን ስታይ በመጨረሻ ለእህቷ አሰበች ብላ ይዛው ሄደች። ምንም አልተሳሳተችም እኮ! ሸማኔ ቤት ክር የተጠቀለለበት ካርቶን ማለት ትዕዛዝ ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ለመጽሐፍ ተብሎ ክር የሚጠቀልል ሰው ከእኔ በቀር የለም።

"እኔም መጀመሪያ ጭቃ ጭቃ አለብኝ" አለ ጋሽ ማዳልቾ። "ግን መሠረት ዝም ብሎ አይጠቀልልም አልኩ። ሰማያዊውን ግን ለሁሉም አልሰጠሁም። አምስተኛው ለባለቤቱ ነው ብለኸኝ የለ? ለእናትህና ለአክስቶችህ አራቱን። ሰማያዊውን ለሙሽራዋ ብቻ።"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሰውዬው የእኔን ሕግ ከእኔ በላይ አክብሮታል። እናቴ ደግሞ ለመዘምራን ሁሉ "ልጄ ነች ያቀደችው" ብላ ተናግራ ጨርሳለች። ስለ እኔ እንዲህ ኮርታ ስታወራ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። እንዴት ብዬ ነው ስህተት ነው የምላት? ታሪኳ ጥለቱን ስታየው ነጠላውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። እንደ ጓደኞቿ ቬሎ አልለብስም፣ የአገሬን ልብስ ነው የምለብሰው ብላ የቆረጠች ልጅ ናት። በመጨረሻ "ለምን ቡኒ?" አለችኝ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል አልኳት። "ዓይን ተጨፍኖ ነው?" አለች። እህቴ ታውቀኛለች።

አቶ ደምሰው ሠርጉ ነገ ሊሆን ዛሬ በአውሮፕላን መጡ። አውሮፕላኑ ሲወርድ አባያን ከነሙሉ ስፋቱ ያሳያል። እግዚአብሔር ራሱ ሊያስረዳቸው ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ ማረፊያው በር ላይ ጠበቅኳቸው። እንደተጨባበጥን "ዝናብ ነበር እንዴ? ሐይቁ ደፍርሷል" አሉኝ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው አልኳቸው። ሲጠራስ ምን ይመስላል አሉ። አይጠራም አልኳቸው። "አይዞሽ፣ አንድ ቀን ይጠራል" ብለው አጽናኑኝ።

አልተውኳቸውም። ባጃጅ ይዘን ወደ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወጣን፤ ሁለቱም ሐይቆች ከሚታዩበት ቦታ አቆምኳቸው። በአንድ በኩል አባያ፣ በሌላ በኩል ሰማያዊ የሚመስለው ጫሞ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታ። ስለ ደለል አስረዳኋቸው። የአፈሩን ድቀት፣ የወንዞቹን ፍጥነት፣ የነፋሱን ሥራ። አምስት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ። ራሳቸውን እየነቀነቁ በጽሞና ሰሙኝ። ከዚያ ጣታቸውን ዘረጉ።

"ያኛውስ ማን ነው?"

"ጫሞ ነው።"

"እሱ እኮ ጥሩ ነው! ታሪኩን ለምን ወደዚያ አንወስደውም?"

አያችሁልኝ? ሣራን፣ አባቷን፣ ታንኳውን፣ ጉማሬውን ጠቅልለው ኮረብታውን አሻገሯቸው። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፣ ሰማያዊዎቹን ይዤ ልሂድ፣ ካልሆነ ሥራውን እዚያ ለሚጠብቀው ልጅ እሰጠዋለሁ አሉኝ። በቁጣ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። በፈገግታ ነው ያሉት። ማታ ስሜ ያለበትን ሽፋን በሐሳቤ እያየሁ አለቀስኩ። እናቴ ግን እንግዳ ሆቴል እያለ ቤቷ ሠርግ ማብላት ኃጢአት ስለሚመስላት አቶ ደምሰውን ጠርታቸው ነበር።

ሠርጉ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። መዘምራኑ ይዘምራሉ፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ሁሉም ነጭ በነጭ ሆኗል። በሩ ተከፈተ። እናቴና ሦስቱ አክስቶቼ በቡኒው ጥለት ገቡ፤ መሃላቸው ታሪኳ። ዓይኔን መጨፈን አላስፈለገኝም። ከዚያ ሁሉ ነጭ መሃል ቡኒው ሰብሰብ ብሎ መጣ፤ ቡኒው መሃል ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ሰማያዊ መስመር። የአዳራሹ ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞረው ወደ እነሱ ነው። እህቴ እንዲህ አምራ አታውቅም። ጭቃ የተባለው ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ያቀድኩት እኔ ሆኜ ሳለ! ከኋላዬ አንዲት ሴት "ይሄ ምን የሚሉት ጥለት ነው?" አለች። ሌላዋ "የአባያ ነው" አለቻት። ለካ እናቴ ስምም አውጥታለታለች።

ምሳ ላይ አቶ ደምሰው ከጋሽ ማዳልቾ አጠገብ ተቀምጠው ዓሣ በቆጮ ቀረበላቸው። በርበሬና ቅመም ተፈጭቶ የሚሠራውን ዳታ ሲያዩ ስልስ መሰላቸው መሰለኝ፣ በማንኪያ ሙሉ ዛቁት። ወዲያው እንባቸው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። በዚያ እንባ ውስጥ ሆነው "መሠረት" አሉ።

"አቤት።"

"እንዲህ ያለ ባህል ይዛችሁ ለምን አልነገርሽኝም?"

"የቱን ባህል?"

ወደ እናቴ ነጠላ አመለከቱ። ቡኒው፣ ክሬሙ፣ አረንጓዴው፤ ሰማያዊው ለሙሽራ ብቻ። እኔ የተሳሳትሽ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የአያቶችሽን ቀለም ነው ወደ መጽሐፉ ያመጣሽው አሉ። ልባቸው ተነክቷል፤ ወይም ዳታው ነው። እኔም እናቴ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝና እውነቱን ነገርኳቸው። ይሄ ጥለት ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ከመጽሐፉ ነው የተወሰደው፣ በስህተት ነው አልኳቸው። ሳቁ። ትሕትና አታብዢ አሉኝ። ጋሽ ማዳልቾም ሊያግዘኝ "እውነቷን ነው ጌታዬ፤ ካርቶኑ እኔ ቤት አለ" አለ። አቶ ደምሰው ትከሻውን መታ መታ አደረጉትና ወደ እኔ ዘንበል ብለው "እነሱ እኮ ከየት እንዳመጡት አያውቁትም፤ በደም የሚወረስ ነው" አሉኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል እጃቸውን አነሱ። በቃ፣ ባህል አልነካም፣ ቡኒው እንዳለ ይታተም አሉ። ከአውሮፕላን ላይ ሐይቁን አዩ፣ አላመኑም። ከተራራ ላይ አዩ፣ አላመኑም። መሐንዲስ አስረዳቻቸው፣ አላመኑም። አንድ ነጠላ አሳመናቸው። እኔ ምን ቸገረኝ? ወደ ጓሮ ሄጄ በደስታ አለቀስኩ። እናቴ ምን ሆንሽ ስትለኝ "ዳታ በላሁ" አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር እሱንም በልቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ማዳልቾ የሚተኛበት ጊዜ አጣ። ሙሽራ ሁሉ የአባያ ጥለት ትላለች። ባለፈው ሲቀላ ገበያ አንዲት ነጋዴ ነጠላውን ዘርግታ "ይሄ የጥንት ነው እህቴ፤ አያቴ የተዳረችው በዚህ ነው" አለችኝ። አላረምኳትም። አያቷን እንዴት ልካዳት?

መጽሐፉ ታተመ። ስሜ ሽፋኑ ላይ፣ ከአዞው ራስ በላይ ተቀምጧል። እናቴ አንዱን ኮፒ ሳሎን፣ ከምረቃ ፎቶዬ አጠገብ አቆመችው። እኔም ጥቂት ኮፒ ይዤ አባያ ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከክፍሉ መስኮት ሐይቁ ይታያል፤ ቡኒ እንደሆነ። ልጆቹ መጽሐፉን ሲገልጡ "አባያ! አባያ!" ብለው ጮኹ። ጣታቸው ሣራ ላይ ለማረፍ አንድ ሰከንድ አልወሰደበትም። በሁሉም ገጽ፣ በሁሉም ዴስክ። ልቤ በደስታ ልትዘል ደረሰች። ለዚህ ነው እኮ የተሟገትኩት! እነዚህ ልጆች የገዛ ሐይቃቸውን በመጽሐፍ ላይ አይተው እንዲያውቁት።

ከዚያ ወረቀትና ከለር አደልኳቸውና አሁን ደግሞ እናንተ ሣራንና አባያን ሳሉልኝ አልኳቸው። በየዴስኩ እየዞርኩ አየሁ። ሰማያዊ። ሰማያዊ። ሰማያዊ። ክፍሉ ሙሉ ሰማያዊ አባያ።

ከፊት ዴስክ የተቀመጠች፣ አባቷ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ልጅ አጠገብ ተንበረከክሁ። ሐይቁ ቀለሙ ምንድን ነው አልኳት። በመስኮቱ አየችና "ቡኒ" አለች። አንቺስ ምንድን ነው የሳልሽው? "አባያን" አለች። ታዲያ ለምን ሰማያዊ አደረግሽው? አዝና አየችኝ።

"ሥዕል ነው እኮ፣ ቲቸር።"

ወረቀቷን ዝቅ ብዬ አየሁት። ሰማያዊው ውሃ መሃል፣ ታንኳው ላይ፣ ሣራ ቆማለች። ቀሚሷ ቡኒ ነው። ገጹ ላይ ሌላ ቦታ አንድም ቡኒ የለም። አዞው ላይ የለም፣ ታንኳው ላይ የለም፣ ዛፉ ላይ የለም። ከበሩ ሆኖ የሚያይ ሰው እንኳ ወዲያው ያገኛታል። ይሄንንስ ቀሚስ ለምን ቡኒ አደረግሽው አልኳት።

"እንዳትጠፋ" አለችኝ።

ወረቀቱን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። በጣም ስለሚያምር ነው። ደግሞም አቶ ደምሰው እጅ እንዳይገባ።